ሶኬት ምንድን ነው? የስልክ አፕ መስመርስ ለምን ሳናውቀው ይበጠሳል?

ሶኬት ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ግድግዳው ላይ ያለው የመብራት ሶኬት ነው። ቻርጀሩን እንሰካለን፣ ስልኩ ይሞላል። የኔትወርኩም ሶኬት እስከ አንድ ቦታ ድረስ እንዲሁ ነው። አፑ ይሰካል፣ መረጃ ይመጣል። ልዩነቱ ግድግዳ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ስልክ ግን ኪስ ውስጥ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይዞራል። የሞባይል አፕ የሚሠራ ሰው ራስ ምታት በሙሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሶኬት ማለት አንድ ፕሮግራም በኔትወርክ ከሌላ ፕሮግራም ጋር እንዲነጋገር ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚከፍትለት በር ነው። አፑ በሩ ላይ ይጽፋል፣ ከበሩ ያነባል። መረጃውን መቆራረጡን፣ መላኩን፣ የጠፋውን ደግሞ መላኩን ሲስተሙ ይሠራዋል። ዛሬ የምንጠቀምበት አሠራር የተስፋፋው በ1983 እ.ኤ.አ. ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በወጣው 4.2 ቢኤስዲ በተባለው ሲስተም ነው። በዚያ ጊዜ ኮምፒውተር ከክፍሉ አይወጣም ነበር። አድራሻው ጠዋት የነበረው ማታም ያው ነው። ይህ ግምት እስከ ዛሬ ሶኬት ውስጥ አለ።

አድራሻው ሁለት ክፍል አለው። የአይፒ ቁጥሩ ሕንፃው ነው እንበል፤ ፖርቱ የቢሮው ቁጥር ነው። የፖርት ቁጥር እስከ 65535 ይደርሳል፤ የተመሰጠረ ድረ ገጽ የሚስተናገደው አብዛኛውን ጊዜ በ443 ነው። በቲሲፒ፣ ማለትም መረጃ ሳይጠፋና ተራውን ሳይስት እንዲደርስ በሚያደርገው የመነጋገሪያ ሕግ፣ አንድ ግንኙነት የሚታወቀው በአራት ነገር ነው፦ በስልኩ አይፒና ፖርት፣ በሰርቨሩ (አፑ በሚያነጋግረው ማዶ ባለው ኮምፒውተር) አይፒና ፖርት። ከአራቱ አንዱ ከተለወጠ ያ ግንኙነት አከተመ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ግንኙነቱ የሚጀመረው እንደ እኛ በሰላምታ ነው። «ደህና ነህ?» ይላል ስልኩ። «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ይላል ሰርቨሩ። «እኔም ደህና።» ሦስት መልእክት፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ። ከሰላምታው በኋላ ሁለቱም ወገን «ከእገሌ ጋር እያወራሁ ነው» ብሎ በማስታወሻው ይይዛል። በመካከላቸው የተዘረጋ የግል ሽቦ የለም። ግንኙነት የምንለው እነዚህን ሁለት ማስታወሻዎች ነው።

አማርኛ የሚጽፍ አፕ የምትሠሩ ደግሞ ይህን በተለይ አስተውሉ። ቲሲፒ መረጃን እንደ ወንዝ ነው የሚያፈሰው፤ ፖስታ በፖስታ አይለይም። «ሰላም ነው?» ብዬ ብልክ ፊደልን ወደ ኮምፒውተር ቁጥር በሚቀይረው በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 17 ባይት ነው (ባይት ትንሿ የመረጃ መለኪያ ናት እንበል)፤ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት፣ ክፍተቱና የጥያቄ ምልክቱ አንድ አንድ። ተቀባዩ መጀመሪያ 8 ባይት ብቻ ሊደርሰው ይችላል። «ሰላ» ሙሉ ሆነች፣ «ም» ግን ከሦስት ባይቷ ሁለቱ ብቻ ደረሱ። ፕሮግራመሩ የመጣለትን ወዲያው ወደ ጽሑፍ ከቀየረው በ«ም» ፈንታ ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለች የጥያቄ ምልክት ትወጣለች። በእንግሊዝኛ ብቻ የሞከረው ሰው ይህን ስህተት ላያየው ይችላል፤ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ለሁለት አይከፈልም። መፍትሔው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ መልእክት ፊት ርዝመቱን በ4 ባይት ጽፎ መላክ፣ ተቀባዩም ያን ያህል እስኪሞላ ጠብቆ ከዚያ ወደ ፊደል መቀየር። በ2011 እ.ኤ.አ. ደረጃው የወጣለት፣ በቲሲፒ ላይ መልእክትን በመልእክት ለይቶ የሚልከው ዌብሶኬት ይህን ሥራ ራሱ ይሠራል። ለአብዛኛው የቻትና የማሳወቂያ አፕ ጥሬ ሶኬት ከመንካት እሱን መጠቀም ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ መበጠሱ። ስልክ እያወራን መስመሩ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ያኛው ወገን ጠፍቷል፣ እኛ ግን ሳናውቅ ወሬያችንን እንቀጥላለን። ትንሽ ቆይተን «ሃሎ? ይሰማል?» እንላለን። ሶኬትም ልክ እንደዚህ ነው። ከቤት ስትወጡ ስልኩ ከዋይፋይ ወደ ዳታ ይሻገራል፣ አይፒው ይለወጣል፣ ቅድም ያልኳችሁ ግንኙነት ያከትማል። ሰርቨሩ ግን ማንም አልነገረውም። ማስታወሻው ላይ አሁንም አላችሁ። መልእክት ቢልክላችሁ መልስ ስለማያገኝ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ሊኑክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በተለመደው አቀማመጡ ተስፋ እስኪቆርጥ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። የሚልከው ከሌለው ደግሞ ጭራሽ አያውቅም። ሌላው ወገን መኖሩን የሚጠይቅ፣ በሲስተሙ ውስጥ ያለው መፈተሻ፣ ካልተቀየረ በቀር፣ ቢበራም እንኳ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚልከው ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው።

ሳትንቀሳቀሱም ሊበጠስ ይችላል። ቴሌኮሞች ብዙ ስልኮችን በአንድ የውጭ አድራሻ ያስተናግዳሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራም መዝገብ ይይዛሉ። መዝገቡ ላይ ዝም ብሎ የቆየ መስመር ይሰረዛል። ስለዚህ አፑ ራሱ በየጊዜው «ሃሎ፣ ይሰማል?» ማለት አለበት። እኔ አፑ ተከፍቶ እያለ በየ30 ሴኮንዱ አደርገዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ መልስ ካልመጣ መስመሩን ዘግቼ እንደገና እከፍታለሁ። ከዚህ ቢበዛ ባትሪ ይበላል። እያንዳንዷ ትንሽ መልእክት የስልኩን ሬዲዮ ቀስቅሳ ለተወሰኑ ሴኮንዶች ነቅቶ እንዲቆይ ታደርገዋለች።

አንድ ጊዜ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። በሠራሁት የቻት አፕ መልእክት ከተጻፈ በኋላ «ተልኳል» የምትል ምልክት ትወጣ ነበር። ምልክቷን ያወጣሁት ወደ ሶኬቱ መጻፉ ያለ ስህተት ሲያልቅ ነው። ሊፍት ውስጥ ሆኜ ሞከርኩት። ምልክቷ ወጣች። መልእክቱ ግን የትም አልደረሰም። ለካ «ተጻፈ» ማለት የስልኩ ሲስተም ተቀብሎ ወረፋ አስያዘው ማለት ብቻ ነው። ሌላው ወገን መቀበሉን የሚያውቀው ሌላው ወገን ነው። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ መልእክት የራሱ መለያ ቁጥር እሰጣለሁ፤ ሰርቨሩ «ቁጥር ይህን ተቀብያለሁ» እስኪል ምልክቷ አትወጣም። መልስ ካልመጣ ያው ቁጥር እንደገና ይላካል። ሰርቨሩ ቁጥሩን ካየው በፊት ተቀብሎታል ማለት ነው፣ ሁለቴ አይመዘግበውም። በተለይ ገንዘብ በሚነካ አፕ ላይ ይህ ነገር መዘለል የለበትም።

እንደገና ሲገናኙም መቸኮል አያስፈልግም። ሰርቨሩ ለአፍታ ወድቆ ቢነሳ በሺዎች የሚቆጠሩ ስልኮች በአንዴ ከተረባረቡበት ተመልሶ ይወድቃል። ከ1 ሴኮንድ ጀምሮ 2፣ 4፣ 8 እያሉ ማራቅ፣ ላዩ ላይም ትንሽ የዘፈቀደ ሴኮንድ መጨመር ጥሩ ነው። ሌላም አለ፤ ኤንድሮይድ ከ3.0 ጀምሮ ኔትወርክ ሥራን ስክሪኑን በሚመራው የአፑ ዋና የሥራ መስመር (ሜይን ትሬድ) ላይ ከሠራችሁት አፑን በስህተት ያቆመዋል። ከጀርባ አሠሩት።

አፑ ሲዘጋ ሶኬቱን ይዞ መቆየት አይቻልም። አይፎን ከስክሪን የወረደን አፕ ብዙም ሳይቆይ ያስተኛዋል፤ ኤንድሮይድም ከ6.0 ጀምሮ ስልኩ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ኔትወርኩን ይገድባል። ታዲያ መልእክት ሲመጣ ስልኩ እንዴት ይጮኻል? ስልኩ ለሁሉም አፕ በጋራ የሚጠብቃት አንዲት መስመር አለች፤ በአይፎን ወደ አፕል፣ በኤንድሮይድ ወደ ጉግል። የእናንተ ሰርቨር ለእነሱ ይነግራል፣ እነሱ ስልኩን ይቀሰቅሳሉ። መቶ አፕ መቶ መስመር ቢይዝ ባትሪው እስከ ምሳ ሰዓት አይደርስም ነበር።

የአድራሻውን ችግር ከሥሩ የነካው ኩዊክ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ደረጃው ጸድቆ የወጣ፣ በዩዲፒ (ያለ ሰላምታ መረጃ በሚልክ ቀላል የመላኪያ ሕግ) ላይ የሚሠራ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የመነጋገሪያ ሕግ ነው። ግንኙነቱን በአራቱ ቁጥር ፋንታ በራሱ መለያ ያውቀዋል። ከዋይፋይ ወደ ዳታ ስትሻገሩ አይፒው ቢለወጥም፣ ሁለቱም ወገን ይህን ከደገፉ፣ ንግግሩ ካቆመበት ይቀጥላል። ጭራሽ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ግን እሱም ይቋረጣል፤ የመልእክቱ መለያ ቁጥር ያኔም ያስፈልጋል።

አዲስ አፕ ስሠራ አሁንም ያንኑ ሊፍት እጠቀማለሁ። ከ6ኛ ፎቅ «ላክ» የሚለውን ነክቼ እገባለሁ፣ ምድር ላይ እወጣለሁ፣ ከዚያ የሰርቨሩን መዝገብ ከፍቼ መልእክቱ አንዴ ብቻ መግባቱን አያለሁ።