ሴቨራንስ ምንድን ነው?

አንዲት ጓደኛዬ ሲያትል አካባቢ በአንድ የቴክ ኩባንያ 14 ዓመት ሠርታለች። ዕድሜዋ 47 ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ላፕቶፗ አልከፈት አላት። ትንሽ ቆይቶ በግል ኢሜይሏ 19 ገጽ ሰነድ ደረሳት። ከሥሩ "እዚህ ይፈርሙ" የሚል ቢጫ ሳጥን አለ። ወዲያው ደወለችልኝ። "ልፈርምና ልገላገል" አለች። "እህቴ፣ እንዳትፈርሚ። መጀመሪያ ቡናሽን አፍዪ" አልኳት።

ያ ሰነድ የሴቨራንስ ውል ይባላል። ሴቨራንስ ኩባንያው ከሥራ ሲቀንሳችሁ፣ ከሠራችሁበት ደመወዝ በላይ የሚሰጣችሁ ገንዘብ ነው። በነጻ ግን አይሰጥም። ገንዘቡን ስትቀበሉ "ኩባንያውን አልከስም" ብላችሁ ትፈርማላችሁ። የሠራችሁበት ደመወዝ ፈረማችሁም አልፈረማችሁም የእናንተው ነው።

አገር ቤት የሠራን ሰዎች እዚህ ላይ እንሳሳታለን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ስንብት ክፍያ መብት ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰባል፤ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመርበታል። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ግን በግል ኩባንያ ላይ እንዲህ ያለ ግዴታ አይጥልም። ብዙ ሰው የተሰጠውን እንደ ቸርነት ቆጥሮ በዚያው ቀን የሚፈርመውም ለዚህ ይመስለኛል።

ዕድሜያችሁ 40 ከሞላ ግን ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ኩባንያዎች ይመለከታል። ኩባንያው በዕድሜ አድልዎ እንዳትከሱት ሊያስፈርማችሁ ከፈለገ፣ ማሰቢያ ጊዜ መስጠት አለበት። ብቻችሁን ከተሰናበታችሁ 21 ቀን ነው። ከሌሎች ጋር በጅምላ ከሆነ 45 ቀን። ከፈረማችሁ በኋላም 7 ቀን አላችሁ፤ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ትሰርዙታላችሁ። ጠበቃ እንድታማክሩም በጽሑፍ ሊነግሯችሁ ይገባል። ከ40 በታች የሆነች ሴት በዚህ ሕግ እነዚህን ቀናት አታገኝም።

በጅምላ ቅነሳ ደግሞ ከውሉ ጋር አንድ ሰንጠረዥ ይመጣል። ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፈዋል፤ በጣም ያሳዝነኛል። የሥራ መደብ፣ ዕድሜ፣ ስንቱ እንደተቀነሰ፣ ስንቱ እንደቀረ ይዘረዝራል። ጓደኛዬ የራሷን መስመር በጣቷ ፈለገች። "ሲኒየር ሶፍትዌር ኢንጂነር፣ 47፣ የተቀነሰ 1፣ የቀረ 0" ይላል። ጣቷን ወደ ላይ አንቀሳቀሰች። 29፣ 31፣ 33፤ ሁሉም በሥራቸው ላይ ቀርተዋል። ከ45 በላይ የነበሩት አራቱም ወጥተዋል። እስከዚያች ደቂቃ "ምን አጥፍቼ ነው?" እያለች ነበር። ከዚያ በኋላ ይህን ጥያቄ ደግማ አልጠየቀችም።

ሰንጠረዡ ስም የለውም፣ ፆታም አይጽፍም። ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች መሆናቸውን ያወቀችው አብራቸው ስለሠራች ነው። ይህ ብቻውን አድልዎ ተፈጽሟል አያሰኝም። ይዞ ጠበቃ ዘንድ ለመሄድ ግን ይበቃል።

45ቱ ቀን የመደራደሪያ ጊዜም ነው። የሲኒየር መደብ እንደ ጀማሪ መደብ በየቦታው አይገኝም፤ ቃለ መጠይቁም አምስት ስድስት ዙር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍለጋው ወራት ቢፈጅ የሚያስፈልጋችሁን አሁን ጠይቁ። የጤና ኢንሹራንሱን ለተወሰነ ወር እንዲከፍሉ። የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉ። አዲስ ቀጣሪ ሲደውል ምን ብለው እንደሚመልሱ። ተፎካካሪ ድርጅት እንዳትገቡ የሚያግድ አንቀጽ ካለ እንዲያወጡት። ሁሉንም እሺ ላይሉ ይችላሉ። ጓደኛዬ የሁለት ወር ኢንሹራንስና ደብዳቤውን አግኝታለች።

የፈረመችው በ41ኛው ቀን ነው። ውሉ የሚጸናው 7ቱ ቀን ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ገንዘቡም ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት አይለቀቅም። የቤት ኪራዩን ስታሰሉ ያንን ቁጠሩ።