የጥርስ ንጽህና ተማሪዎች ስለ መድኃኒት የሚሰሟቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፋርማኮሎጂ፣ ማለትም የመድኃኒት ትምህርት፣ ብዙ የጥርስ ንጽህና ተማሪ የሚፈራው ኮርስ ነው። የመድኃኒት ስም አያልቅም። መጠኑ፣ ጎንዮሽ ጉዳቱ፣ ከምን ጋር እንደማይስማማ፣ ሁሉም ተደራርቦ ይመጣል። ታዲያ ብዙዎች ለፈተና ሸምድደው ይገላገሉታል። ከዚያ ክሊኒክ ሲገቡ ክፍተቱን በሰሙት ወሬ ይሞሉታል። ከእነዚህ ወሬዎች አንዳንዶቹ ታካሚን ይጎዳሉ። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«እኛ መድኃኒት አናዝም፤ ፋርማኮሎጂ ምን ይሠራልናል?»

ባታዙም ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው መድኃኒት ውጦ ነው የሚመጣው። የሚደማው፣ ራሱን የሚስተው፣ አፉ የሚደርቀው፣ ድዱ የሚያብጠው በዚያ መድኃኒት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይህን ቀድሞ ማየት የሚችለው ደግሞ ታሪኩን የሚጠይቀው ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ያ ሰው እናንተ ናችሁ።

አጠያየቁ ላይ ልቆይ። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ሰው «የለም» ይላል። አልዋሸም። የእርግዝና መከላከያ፣ በየቀኑ የምትዋጠው ትንሿ አስፕሪን፣ በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ በየስድስት ወሩ የሚወጋው መርፌ፣ የባህል መድኃኒት፣ እነዚህን «መድኃኒት» ብሎ አይቆጥራቸውም። ስለዚህ ከፋፍላችሁ ጠይቁ። ለግፊት? ለስኳር? ለእንቅልፍ? ለሕመም? የሚወጋ አለ? የሚሳብ አለ? ከሐኪም ትእዛዝ ውጪ የገዙት አለ? መጨረሻ የወሰዱት መቼ ነው? የስኳር ታካሚን ደግሞ ሁለቱንም ጠይቁ፤ መድኃኒቱን ወስዷል ወይ፣ ምግብስ በልቷል ወይ። ኢንሱሊን ወግቶ ቁርስ ያልበላ ሰው በጥርስ እጥበት መሃል ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ግራ መጋባት ይጀምረዋል። ራሱን ካልሳተ ቶሎ የሚሠራ ስኳር በአፉ ይሰጠዋል።

«የልብ ወይም የግፊት ታካሚ አድሬናሊን ያለበት ማደንዘዣ አይወጋም»

ይህኛው ግማሽ እውነት ስላለበት ነው ቶሎ የማይለቀው። መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ፤ ፍርሃቱ ልክ ይይዛል።

ሊዶኬይን የሚወጋው ማደንዘዣ ነው። 2 በመቶ ሊዶኬይን ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ሚሊ ግራም አለ ማለት ነው። 1.8 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ካርትሪጅ (መርፌው ውስጥ የሚገባው የማደንዘዣ ብልቃጥ) 36 ሚሊ ግራም ሊዶኬይን አለው። «1፡100,000» ተብሎ የተጻፈው አድሬናሊኑ ነው። አንድ ግራም በ100,000 ሚሊ ሊትር ውስጥ ማለት ነው፤ ይህም በሚሊ ሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ይሆናል። አንዱ ካርትሪጅ እንግዲህ 0.018 ሚሊ ግራም አድሬናሊን ይዟል። ለጤነኛ አዋቂ በአንድ ቀጠሮ የሚመከረው ጣሪያ 0.2 ሚሊ ግራም ነው። የልብ ችግር ላለበት 0.04 ነው። ሁለት ካርትሪጅ 0.036 ነውና ከጣሪያው በታች ይቆያል። ይህን በወረቀት ላይ በእጃችሁ ሥሩት። አንዴ የሠራው ሰው አይረሳውም።

አድሬናሊኑ ለምን ተጨመረ? የደም ሥሮችን ያጠባል። ማደንዘዣው ከቦታው ቶሎ አይሄድም፤ ወደ ደም የሚገባውም ቀስ ይላል፤ መድማቱም ይቀንሳል። ሊዶኬይን ብቻውን ሲሆን ቶሎ ይለቃል። ያኔ ታካሚው ያመዋል፣ ይጨነቃል፣ የገዛ ሰውነቱ አድሬናሊን ይረጫል። ግፊቱ የተስተካከለለትን ሰው ከትንሽ መጠን አድነን ለሕመም አሳልፈን ብንሰጠው ምን ጠቀምነው? ዋናው ጥንቃቄ መጠኑን መወሰን፣ ከመወጋቱ በፊት መርፌው የደም ሥር ውስጥ አለመግባቱን ሲሪንጁን ወደ ኋላ ስቦ ማረጋገጥ፣ ቀስ ብሎ መወጋት ነው።

በእውነት የሚያስፈሩት እነማን ናቸው? በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ያጠቃው፣ ያልተረጋጋ የደረት ሕመም ያለበት፣ ግፊቱ በጣም ከፍ ብሎ ያልተያዘለት፣ የታይሮይድ ሆርሞኑ በዝቶ ሕክምና ያላገኘ፣ ኮኬይን የወሰደ። ለነዚህ ቀጠሮ ማዘዋወርና ሐኪም ማማከር ይገባል።

አንድ የመድኃኒት ስም ደግሞ ለይታችሁ ያዙ፤ ፕሮፕራኖሎል። ይህ የግፊትና የልብ መድኃኒት አድሬናሊን የሚሠራባቸውን ሁለቱንም የቤታ ተቀባዮች፣ የልቡንም የደም ሥሩንም፣ ይዘጋል። የደም ሥርን የሚያሰፋው መንገድ ስለተዘጋ የአድሬናሊን የማጥበብ ሥራ ብቻውን ይቀራል። ግፊቱ ይወጣል፤ ልቡ በተቃራኒው ይዘገያል። አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል በአብዛኛው ልብ ላይ ስለሚሠሩ ስጋቱ ያነሰ ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ «የግፊት ክኒን» ብላችሁ አትለፉ። ስሙን ጻፉት።

«ለማደንዘዣ አለርጂ አለብኝ»

ታካሚው ይህን ሲል አታጣጥሉት፤ ግን እንዳለም አትቀበሉት። «ምን ሆነው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ልቡ ደለቀ፣ እጁ ተንቀጠቀጠ ካለ የአድሬናሊኑ ስሜት ሊሆን ይችላል። ላብ ላብ አለኝ፣ ዓይኔ ጨለመ፣ ወደቅሁ ካለ በፍርሃት ራስን መሳት ነው የሚመስለው። ሰውነቴ ሽፍ አለ፣ ከንፈሬ አበጠ፣ መተንፈስ አቃተኝ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሥራው ቆሞ የአለርጂ ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ሊዶኬይን የሚመደብበት የአማይድ ወገን እውነተኛ አለርጂ የሚያመጣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። እንደ ፕሮኬይን ያሉት የኤስተር ወገኖች የበለጠ ያመጣሉ። አድሬናሊን ያለበት ካርትሪጅ ውስጥ አድሬናሊኑ እንዳይበላሽ ሰልፋይት ይጨመራል። ለሰልፋይት አለርጂ ያለበት ሰው አድሬናሊን የሌለበት ይሰጠዋል።

«የሚቀባ ማደንዘዣ እኮ ነው፤ ምንም አያደርግም»

የሚቀባው የሊዶኬይን ጄል ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ነው። ከሚወጋው ከእጥፍ በላይ ይወፍራል ማለት ነው። በአፍ ውስጥ ባለው ስስ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። በተለይ የቆሰለ ድድ ላይ ሰፊ ቦታ ከተቀባ። ስለዚህ በጥቂቱ፣ በሚሠራበት ቦታ ብቻ። ሌላው የሚቀባ ማደንዘዣ ቤንዞኬይን ደግሞ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ ሜትሄሞግሎቢኒሚያ የተባለ ችግር ሊያመጣ ይችላል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 ቤንዞኬይን ያለባቸው የአፍ መድኃኒቶች ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ጥርስ ማብቀያ እንዳይውሉ አስጠንቅቋል። ከንፈሩ የጠቆረ፣ ኦክስጅን ተሰጥቶት የማይሻለው ታካሚ ካያችሁ ይህን አስቡ።

ማደንዘዣው «አልያዘም» ሲባልም መድኃኒቱ ደካማ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። የተቆጣ ድድ አሲዱ ይጨምራል። በአሲድ ውስጥ ነርቩን ሰንጥቆ የሚገባው የሊዶኬይን ክፍል ያንሳል። እዚያው እብጠቱ ላይ ደጋግሞ ከመውጋት ከቦታው ራቅ ብሎ ነርቩን ማደንዘዝ ይሻላል።

«ጥርስ ሲያም አንቲባዮቲክ»

ታካሚው ይጠይቃችኋል፤ ዘመዱም ይጠይቃችኋል። የጥርስ ውስጥ ነርቭ ተቆጥቶ የሚያመጣው ሕመም በአንቲባዮቲክ አይቀንስም። የሚቀንሰው ምንጩ ሲታከም ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ ሕክምናው ወዲያው ማግኘት ለሚችል፣ ሌላ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ አንቲባዮቲክ እንዳይሰጥ መክሯል። ትኩሳት ካለ፣ እብጠቱ እየተስፋፋ ከሆነ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካስቸገረ ግን ጊዜ አይሰጥም። ለሕመሙ አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል አንድ ላይ፣ ለሁለቱም መከልከያ ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ድዱን ያቃጥላል፤ ነጭ ሆኖ ይላጣል። አስፕሪን ተውጦ እንጂ ተቀምጦ አይሠራም።

«ልብ ላይ ድምፅ ያለበት ሁሉ ከእጥበት በፊት አሞክሲሲሊን ይውሰድ»

አሞክሲሲሊኑ የሚሰጠው ከአፍ የሚነሳ ባክቴሪያ ልብ ላይ ኢንፌክሽን እንዳያመጣ ነው። ድሮ የሚሰጣቸው ሰዎች ክልል ሰፊ ነበር። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2007 አጥብቦታል፣ በ2021 ደግሞ በድጋሚ አጽንቶታል። ቀድሞ መውሰድ ያለባቸው ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያላቸው፣ ከዚህ በፊት የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን የያዛቸው፣ የተወሰኑ የውልደት የልብ ችግሮች ያሉባቸው፣ ልብ ተተክቶላቸው ቫልቩ የተበላሸባቸው ናቸው። ለአዋቂ 2 ግራም አሞክሲሲሊን ከሥራው 30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ይሰጣል። ለፔኒሲሊን አለርጂ ላለበት ድሮ ክሊንዳማይሲን ነበር፤ ከ2021 ወዲህ አይመከርም። በአንጀት ላይ የሚያመጣው ጉዳት ከባድ ሊሆን ስለሚችል ነው። የቆየ ማስታወሻ ይዛችሁ የምታጠኑ ካላችሁ ይህን አርሙ።

«ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ከእጥበት በፊት ማቆም አለበት»

እባካችሁ ይህን ለታካሚ አትንገሩ። ከድድ የሚወጣ ደም በጨርቅ ተጭኖ ይቆማል። በጭንቅላት ውስጥ የረጋ ደም ግን አካል ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላል። አስፕሪን ደም የሚያረጉትን ፕላትሌቶች ለዕድሜ ልካቸው ነው የሚያሽመደምዳቸው፤ ዕድሜያቸውም ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ስለዚህ ትናንት ማቆም ለዛሬ አይጠቅምም። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው አይኤንአር የተባለውን፣ ደሙ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚረጋ የሚያሳየውን ምርመራ የቅርብ ውጤት ጠይቁ። 3.5 እና ከዚያ በታች ከሆነ በተለምዶ እጥበቱ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ ይጠየቅ። ማቆምም ማስቀጠልም የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው።

ዋርፋሪን ላይ ያለ ሰው የአፍ ውስጥ ፈንገስ ይዞት ሚኮናዞል ጄል ከተሰጠው ግን አደጋ አለ። ጄል ስለሆነ ማንም አያስበውም፤ ደሙን ግን በጣም ያቀጥነዋል። ሜትሮኒዳዞል የተባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ።

«ክሎርሄክሲዲን ካለ ብሩሽ ለምን?»

ክሎርሄክሲዲን አፍ የሚጉመጠመጡበት የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ ጎበዝም ነው። ጥርስና ድድ ላይ ተጣብቆ ለሰዓታት ይሠራል። ነገር ግን የተደራረበ ቆሻሻ ውስጥ ዘልቆ አይገባም፤ ከድድ በታች ባለው ጥልቅ ኪስም አይደርስም። በብሩሽ ያልተነሳውን አያነሳውም። ሲራዘም ጥርስና ምላስ ያጠቁራል፣ ጣዕም ያዛባል፣ ታርታር ያበዛል። ስለዚህ ለተወሰነ ጊዜ ነው የሚሰጠው። ብዙዎች የማይነግሩት ነገር ደግሞ አለ። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው አረፋ የሚያወጣው ነገር ያከሽፈዋል። ከተቦረሸ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል።

«ለልጅ የሚቀባው ፍሎራይድ መርዝ ነው»

በጥርስ ላይ የሚቀባው ቫርኒሽ 22,600 ፒፒኤም ፍሎራይድ አለው፤ ፒፒኤም ማለት በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለው ሚሊ ግራም ነው። ቁጥሩ ብቻውን ያስደነግጣል። ለሕፃን የሚቀባው ግን ወደ 0.25 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህም 5.65 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። ቶሎ ጥርሱ ላይ ስለሚይዝ በአንዴ አይዋጥም። አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው መጠን በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ተብሎ ይያዛል፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 50 ሚሊ ግራም ማለት ነው። አሁን የጥርስ ሳሙናውን ቱቦ እዩ። 100 ግራም የሚመዝን፣ 1,000 ፒፒኤም የሆነ ቱቦ 100 ሚሊ ግራም ይዟል። ግማሹን የጨረሰ ሕፃን መስመሩን ነካ። ወላጅ የሚመከረው እዚህ ላይ ነው፦ ቱቦው ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከ3 እስከ 6 የአተር ፍሬ ታህል ይበቃል።

«ድዱ ያበጠው ስላልቦረሸ ነው»

ምናልባት። ነገር ግን መጀመሪያ ካርዱን እዩ። ፌኒቶይን (የሚጥል በሽታ መድኃኒት)፣ ሳይክሎስፖሪን (አካል ለተተከለላቸው የሚሰጥ)፣ ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን (የግፊት መድኃኒቶች) ድድን ያሳድጋሉ። ታካሚውን ስለ ብሩሽ ከመገሠጻችሁ በፊት ይህን መለየት ያስፈልጋል። ንጽህናው እብጠቱን ይቀንሰዋል፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ስለሆነ ሐኪሙ እንዲያውቀው ይጻፍለት።

የአፍ መድረቅም እንዲሁ ነው። የአለርጂ፣ የድብርት፣ የግፊት መድኃኒቶች ምራቅ ያሳንሳሉ። ምራቅ ሲያንስ ጥርስ በሥሩ በኩል መበስበስ ይጀምራል። በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ ለሚወስድ የአስም ታካሚ ደግሞ ከሳበ በኋላ አፉን በውኃ ተጉመጥምጦ እንዲተፋ ንገሩት፤ ፈንገስን ይከላከላል።

«የአጥንት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጥርሱ አይነካም»

ይህን የሰሙ ታካሚዎች እጥበት ያቆማሉ። ቢስፎስፎኔትና ዴኖሱማብ የተባሉት የአጥንት መድኃኒቶች የመንጋጋ አጥንት እንዲሞት ሊያደርጉ ይችላሉ፤ በዋናነት ጥርስ ሲነቀል። ለካንሰር በመርፌ በከፍተኛ መጠን የሚወስዱት ላይ ስጋቱ ይበልጣል፤ ለአጥንት መሳሳት በክኒን የሚወስዱት ላይ በጣም ያነሰ ነው። እጥበት ግን ጥርስ ለመነቀል እንዳይደርስ የሚያደርግ ሥራ ነው። መነቀል ያለበት ጥርስ ካለ ደግሞ መድኃኒቱ ሳይጀመር ቢነቀል ይመረጣል። ሐኪሙ ይህን መድኃኒት ሊያስጀምረው ያሰበ ታካሚ ከመጣ ቀጠሮውን አቅርቡለት።