የቀለም ትምህርት በውዳቂ ዕቃ ቅርጻ ቅርጽ፦ በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

የቀለም ትምህርት በውዳቂ ዕቃ ቅርጻ ቅርጽ ተማሪዎች ቆርኪ፣ ሀይላንድ፣ ፌስታል፣ የጨርቅ ቁራጭና ሽቦ ሰብስበው ቅርጽ እየሠሩ የቀለምን ጠባይ የሚማሩበት ዘዴ ነው። ቀለም አይበጠበጥም። ብሩሽም አይያዝም። ልጁ ያገኘውን ቀለም ይለያል፣ ይደረድራል፣ ያጎራብታል፣ ይደራርባል። በሥርዓተ ትምህርታችን ቦታው የክወናና የእይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ነው።

ብዙ ጊዜ ዘዴው የውሃ ቀለም መግዣ ላጣ ትምህርት ቤት እንደ ማካካሻ ይታያል። ይህ ግን ዘዴውን ማሳነስ ነው። ውዳቂ ዕቃ የሚያሳያቸው፣ በብሩሽ ግን የማይታዩ ነገሮች አሉ። ባሕር ዳር ደግሞ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። ሐይቋ ላይ በሥዕል ያሸበረቁ ገዳማት አሉ። ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት። ገበያዋ ላይ አለላ ይሸጣል።

ሐሳቡ ከየት መጣ

አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው ሥራ ከፀሐይ ብርሃን ያገኛቸውን ሰባት ቀለማት በክብ አስቀመጣቸው። የቀለም ክብ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን ያዕቆብ ክሪስቶፍ ለ ብሎን ከቀይ፣ ከቢጫና ከሰማያዊ ባለ ብዙ ቀለም ሥዕል ማተም እንደሚቻል አሳየ።

ለዚህ ርዕስ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኤዠን ሸቭረል ነው። ፓሪስ ውስጥ በጎብላ የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል ቅሬታ ይመጣለታል። ማቅለሚያውን መረመረ። ምንም አልሆነም። ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ቀለም ነበር። አንድ ቀለም በጎረቤቱ ምክንያት ሌላ መስሎ እንደሚታይ እ.ኤ.አ. በ1839 በሰፊው ጻፈ።

ይህ ለባሕር ዳር ልጅ እንግዳ አይደለም። እናቷ ወይም አያቷ መሶብ ስትሰፋ ያየች ልጅ፣ ቀይ አለላ ከአረንጓዴ ጎን ሲውል እንደሚደምቅ፣ ከብርቱካናማ ጎን ሲውል ደግሞ እንደሚለዝብ ዓይኗ ያውቀዋል። ሸቭረል በምርመራ የደረሰበትን ሰፊዎቻችን በጣታቸው ይሠሩበታል። መምህሩ ትምህርቱን ከዚህ ቢጀምር ጥሩ ነው።

ቀለምንና ውዳቂ ዕቃን በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ያገናኘው ጀርመናዊው ዮዜፍ አልበርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ባውሃውስ የተባለው የጀርመን የጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት ሲገባ የሥራ ዕቃ መግዣ ገንዘብ አጠረው። ቦርሳና መዶሻ ይዞ ወደ ዋይማር ከተማ ቆሻሻ መጣያ ወረደ። የተሰበረ ጠርሙስና መስታወት ለቅሞ፣ በሽቦና በብረት አያይዞ፣ ብርሃን የሚያልፍባቸው ባለቀለም ሥራዎች ሠራበት። በኋላ እሱ ራሱ የባውሃውስ መምህር ሆነ። አሜሪካ ከሄደ በኋላም ቀለምን ሲያስተምር ከሚበጠበጥ ቀለም ይልቅ ባለቀለም ወረቀት ይመርጥ ነበር። ተማሪው ቀለም በማቀላቀል ጊዜውን ከሚጨርስ ሁለት ቀለም ጎን ለጎን አድርጎ ማየትን ይልመድ የሚል አቋም ነበረው። ቆርኪ የሚደረድር የአራተኛ ክፍል ተማሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በአፍሪካ ጋናዊው ኤል አናትሱይ ናይጄሪያ፣ ንሱካ ሆኖ የጠርሙስ ክዳን በሽቦ እያያያዘ በሠራቸው ግዙፍ ሥራዎች ይታወቃል። በአገራችን ኤልያስ ስሜ ከቁልፍና ከክር ተነስቶ እስከ ኮምፒውተር ሽቦና ቦርድ ድረስ ተጉዟል።

የጣና ገዳማት ሥዕል

ጣና ዳር ላለ ትምህርት ቤት ትልቁ የቀለም መማሪያ በጀልባ የሚደረስበት ነው። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የሚገኘው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። በደቅ ደሴት ያለው ናርጋ ሥላሴ ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡባቸውም። ስለዚህ ወንድና ሴት ተማሪዎችን አንድ ላይ ለሚወስድ መምህር ኡራ ይመረጣል።

የጥበብ ታሪክ አጥኚዎች የጎንደር ዘመንን ሥዕል በሁለት ስልት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው፣ ደማቅና ንጹሕ ቀለም ይወዳል። ቀዩ ቀይ ነው፣ ቢጫው ቢጫ ነው፤ ጥላ እምብዛም የለውም። ሁለተኛው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው፣ ፊትና ልብስን በጥላ ያድበለብላል። ከምስሉ ጀርባ ያለው ቀለምም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ ይሸጋገራል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አይገኝም። አንዱ ስልት የቀለም ንጽሕናን ያሳያል፤ ሌላው የቀለም እርከንን።

ሁለተኛው ስልት ከውጭ በመጡ የታተሙ ሥዕሎች ተጽዕኖ የተፈጠረ ነው የሚል አስተያየት አለ። ተጽዕኖ መኖሩ አይካድም። ሆኖም ያንን የቀለም ሽግግር አብስለው የራሳቸው ያደረጉት የእኛ ሠዓሊዎች መሆናቸው አያጠራጥርም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን መሠረቱ። ባሕር ዳር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 የፔዳጎጂ አካዳሚ ተከፈተባት። አካዳሚው በኋላ ከከተማዋ ፖሊ ቴክኒክ ጋር ተዋሕዶ የዛሬውን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፈጥሯል። ከተማዋ የመምህራን ከተማ ናት ብንል ማጋነን አይሆንም።

ትምህርቱ እንዴት ይሄዳል

ሥራው ከመልቀም ይጀምራል። ቢጫ ጀሪካን፣ ቀይና ብርቱካናማ የለስላሳ ቆርኪ፣ የሀይላንድ ክዳን፣ የከረሜላ ልጣጭ፣ ከልብስ ሰፊ ቤት የሚጣል ቅዳጅ። ዕቃው በኦሞ ታጥቦ ይደርቃል። ቀጥሎ መሬት ላይ በክብ ይደረደራል፦ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ። እዚህ ላይ ክርክር ይነሳል። ይሄ ክዳን ሰማያዊ ነው ወይስ አረንጓዴ? መምህሩ ቶሎ መልስ ባይሰጥ ይመረጣል፤ ልጆቹ ክዳኑን ከሁለቱም ጎን እያስጠጉ ይፍረዱ። የጎረቤት ቀለምን ጉልበት የሚያዩት ያን ጊዜ ነው።

ፀሐይ የመታው ፕላስቲክ ሌላ ትምህርት ነው። ሜዳ ላይ የከረመ ቀይ ክዳን ከአዲሱ ጎን ሲቀመጥ ገርጥቶ ይታያል። ሁለቱም ቀይ ናቸው። ልዩነታቸው የቀለሙ ድምቀት ነው። ይህን በውሃ ቀለም ማስረዳት አድካሚ ነው፤ እዚህ ግን ሁለት ክዳን ይበቃል።

የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ደግሞ ቀለም ያለ ብሩሽ ያቀላቅላል። ቢጫ የከረሜላ ልጣጭ በሰማያዊ ላይ ተደርቦ ወደ መስኮት ሲያዝ አረንጓዴ ይወጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቢጫው ሰማያዊውን ብርሃን ያስቀራል፤ ሰማያዊው ቀዩን ያስቀራል፤ ሁለቱንም አልፎ የሚመጣው አረንጓዴው ነው።

ልጆች ቆርኪ ቀጥቅጠው፣ ሁለት ቦታ በስተው፣ ክር አስገብተው የሚያሽከረክሩትን መጫወቻ ሁሉም ያውቀዋል። ግማሹ ላይ ቢጫ፣ ግማሹ ላይ ሰማያዊ ወረቀት ይለጠፍና ይሽከርከር። አረንጓዴ ይጠበቃል። የሚታየው ግን ግራጫ መሰል ነገር ነው። ተማሪው ይደነግጣል፤ መደንገጡም ጥሩ ነው። ሲደራረቡ አንዱ የሌላውን ብርሃን ይቀንሳል። ሲሽከረከሩ ግን ዓይን የሁለቱን ብርሃን አማካይ ይወስዳል። አንድ ጥንድ ቀለም በሁለት መንገድ ሁለት ውጤት ይሰጣል። በብሩሽ ብቻ የተማረ ልጅ ይህን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ቅርጹ ይመጣል። ከጀሪካን ጉማሬ፣ ከቆርኪ ቀረሶ ዓሣ፣ ከሽቦና ከጨርቅ ወፍ። ከጥቅም ውጭ የሆነ የዓሣ መረብ ክዳኖቹን ለማሰር ጥሩ መደገፊያ ነው። የዱቄት ሙጫ ወረቀትና ጨርቅ ይይዛል፤ ፕላስቲክ ግን አይይዝም። ስለዚህ መብሳትና በሽቦ ማሰር ግድ ይላል፤ መብሳቱም የመምህሩ ሥራ ነው። የተጠናቀቀው ቅርጽ ጠዋትና ከሰዓት ውጭ ቢታይ ቀለሙ በጥላው በኩል እንዴት እንደሚለወጥ ይታያል። ጠፍጣፋ ሥዕል ይህን ዕድል አይሰጥም።

ባትሪ፣ መርፌ፣ የመድኃኒትና የፀረ ተባይ ዕቃ፣ ስለታም ጣሳ፣ የተፈታታ ኤሌክትሮኒክስ ክፍል ውስጥ አይገቡም። ፕላስቲክ በእሳት ማቅለጥም ክልክል ነው፤ ጭሱ መርዝ ነው።

የሚያከራክሩ ነጥቦች

መሠረታዊ ቀለማት የትኞቹ ናቸው? በተለመደው ትምህርት ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ናቸው። ማተሚያ ቤት ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ደማቅ ሮዝ መሰል ቀይና ቢጫን ከጥቁር ጋር ይጠቀማል። ስልክና ቴሌቪዥን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ይሠራሉ። ለታዳጊ ክፍሎች የተለመደው ይበቃል የሚሉ አሉ። ከአምስተኛ ክፍል በላይ ግን ሦስቱንም ማሳየት ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ የተመዘገበው እምቦጭ ለቅርጻ ቅርጽ ይዋል ወይስ አይዋል የሚለውም ያነጋግራል። የደረቀ ግንዱ ቡናማ ስለሆነ ደማቅ ቀለማትን ያሳርፋል። ሆኖም ዘሩ ረጅም ጊዜ ሳይሞት ይቆያል፤ ቁራጩም ውሃ ካገኘ ይራባል። ስለዚህ ከሐይቁ ዳር እርጥቡን ማንሳትና ሌላ ቦታ መውሰድ አይገባም። ደንገል ባለበት አገር ለቅርጻ ቅርጽ እምቦጭ የግድ አያስፈልገንም።

ፌስታልም ቢሆን እየቀነሰ የሚሄድ ዕቃ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ አገልግለው የሚጣሉ ፌስታሎችን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። መምህራን ከአሁኑ ወደ ጨርቅ ቅዳጅና ወደ ክዳን ማዘንበል ይችላሉ። ያለቁት ቅርጾችም ለዘላለም አይቀመጡም፤ ፀሐይ ላይ ሲቆዩ በላያቸው የታተመው ቀይና ቢጫ ከሰማያዊው ቀድሞ ይገረጣል። ዓመቱ ሲያልቅ ይፈታሉ። የገረጡት ክዳኖች ለሚቀጥለው ክፍል የድምቀት ትምህርት ይቀመጣሉ፤ ጀሪካኑና ሽቦው ለልዋጭ ይሰጣል።