የቆመ መኪና ማስነሳት ምንድን ነው?

አሥር ዓመት ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠ ክላሲክ የስፖርት መኪና ተገኘ እንበል። ሸራው ይገፈፋል፣ አዲስ ባትሪ ይታሰራል፣ ቁልፍ ይዞራል። ሞተሩ አጉረምርሞ ቢነሳ በዙሪያው ያለው ሁሉ ደስ ይለዋል። በዚያች ቅጽበት ግን ዘይት ያልነካው ፒስተን ሲሊንደሩን እየፋቀ ነው፣ ታንኩ ውስጥ የተኛው ዝገት ወደ ካርቡሬተር እየተሳበ ነው፣ ፍሬኑ ይይዝ አይይዝ ደግሞ ማንም አላየውም። አሥር ዓመት መቆም ያላደረሰውን ጉዳት አሥር ሰከንድ ያደርሰዋል።

የቆመ መኪና ማስነሳት ማለት መሠረቱ ጤነኛ ሆኖ ለዓመታት ያልተነዳን መኪና፣ መቆም ያበላሸበትን ብቻ ለይቶ በማደስ በደህና ወደ መንገድ መመለስ ነው። እንግሊዞች «ሪኮሚሽኒንግ» ይሉታል። ከሙሉ እድሳት ይለያል፤ በእድሳት መኪናው እስከ ላሜራው ተፈትቶ፣ ተበይዶ፣ ተቀብቶ እንደ አዲስ ይገጠማል። እዚህ ግን ቀለሙ የተፋቀ ከሆነ እንደተፋቀ ይቆያል፣ ወንበሩም አይነካም። ሞተር ከማስነሳትም ይለያል፤ ሞተሩ የሚነሳው ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው።

ምሳሌ ካስፈለገ ኤምጂቢ ከተባለው የእንግሊዝ የስፖርት መኪና የተሻለ የለም። ከ1962 እስከ 1980 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ አገር አቢንግደን ውስጥ ከ500,000 በላይ ተሠርቷል። አብዛኛው መለዋወጫው ዛሬም አዲስ ይገኛል። 1,798 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር የብረት ሞተር አለው፤ ለብዙ ዓመታት የተሠራውም ሁለት ኤስዩ ካርቡሬተር ተገጥሞለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስ የጠገነ መካኒክ አሠራሩ አይጠፋውም፤ ኮምፒውተር የለም፣ ሴንሰር የለም፣ ሁሉም ነገር በመፍቻና በካቻቢቴ ይደረስበታል።

ሥራው የሚጀምረው ከሞተሩ ሳይሆን ከአካሉ ነው። ጣሪያ የሌለው ኤምጂቢ ክብደቱን የሚሸከመው ከበሩ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በተዘረጋው የላሜራ ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚዝገው፤ ስለዚህ ውጭው አዲስ ቀለም ለብሶ ውስጡ ዱቄት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው። በሩን ዝጉና በበሩ የኋላ ጠርዝና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ከዚያ መኪናውን በጎን የክሪክ ቦታው አንሱት። ክፍተቱ ከጠበበ፣ ወይም በሩ አልከፈት ካለ፣ መኪናው መሃሉ ላይ እየታጠፈ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ብየዳ እንጂ ማስነሳት አይደለም የሚያስፈልገው። ይህን ሳያዩ ለሞተሩ ገንዘብ ማፍሰስ በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚታየው ኪሳራ ነው።

አካሉ ካለፈ ወደ ሞተሩ። አራቱም ካንዴላዎች ይፈታሉ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ቀጭን ዘይት ይንጠባጠብና አንድ ሁለት ቀን ይተዋል። ዘይቱ በፒስተን ቀለበቶቹና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ቀስ ብሎ ይገባል። ከዚያ በእጅ ይዞራል፦ ካንዴላዎቹ ወጥተው እንዳሉ መኪናው ሜዳ ላይ አራተኛ ማርሽ ገብቶለት ወደፊትና ወደኋላ ይገፋል። እጅ ላይ የሚሰማው ስሜት ብዙ ይናገራል። ለስላሳና እኩል ከሆነ መልካም ነው። አንድ ቦታ ላይ ድንገት የሚቆም ከሆነ የተጣበቀ ቫልቭ ወይም ሲሊንደር ውስጥ የገባ ነገር አለ። ጨርሶ አልንቀሳቀስ ካለ ዘይቱ ይጨመርና ሌላ ሁለት ቀን ይጠበቃል። በሞተሪኖ ማስገደድ የተጣበቀውን ቀለበት ይሰብራል።

በመቀጠል አሮጌው ዘይትና ፊልትሮው ይቀየራሉ። የቆመ ዘይት ውሃና አሲድ ይዟል። ለዚህ ሞተር 20 ደብሊው 50 የሚባለው ወፍራም ዘይት፣ ከፊልትሮው ጋር 4.2 ሊትር ገደማ ይበቃል። ለዘመናዊ መኪና የሚሸጠው ቀጭን ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚያስከፍተውን ዘንግ) የሚነካው ታፔት ጠፍጣፋ ስለሆነ ዚንክ ያለበት የክላሲክ ሞተር ዘይት ይፈልጋል።

የቫልቭ ክዳኑ ይከፈትና ስምንቱም ቫልቮች መውጣት መውረዳቸው ይታያል። ክፍተታቸው 0.38 ሚሊሜትር ነው። የትኛው መቼ እንደሚለካ ለማወቅ የእንግሊዝ መካኒኮች የዘጠኝ ሕግ የሚሉት ዘዴ አለ፦ አንደኛው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ስምንተኛው ይለካል፣ ሦስተኛው ሲከፈት ስድስተኛው፤ ድምሩ ሁልጊዜ ዘጠኝ ነው። ይህን አንዴ የያዘ ሰው መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ካንዴላዎቹ እንደወጡ፣ እሳት የሚሰጠው የቦቢናውም ሽቦ ተነቅሎ፣ አሁን ሞተሪኖው እንዲያዞር ይፈቀዳል። በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰከንድ ሳይበልጥ፣ የዘይት ግፊት ጌጁ ከዜሮ እስኪነሳ ድረስ ይደጋገማል። ጌጁ ካልተነሳ ፓምፑ አየር ይዟል ማለት ነውና ምክንያቱ ሳይገኝ ወደፊት አይኬድም። ሞተሩ በኋላ ሠርቶ ሲሞቅ፣ በመደበኛ ጉዞ ጌጁ ላይ ከ50 እስከ 80 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) መታየት አለበት።

ስለ ባትሪው አንድ ማስጠንቀቂያ። እስከ 1967 የተሠሩት ኤምጂቢዎች ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት እንደ ዛሬው ኔጌቲቩ። በብዙዎቹ ከወንበሩ ጀርባ ያሉት ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው ነው 12 የሚሆኑት፤ የኋለኞቹ ግን አንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው። አልተርኔተር ያለውን መኪና ገልብጦ ያሰረ ሰው አልተርኔተሩን በቅጽበት ያቃጥለዋል። ሰው ከዓመታት በፊት አሠራሩን ቀይሮት ሊሆን ስለሚችል የመኪናውን ዓመት ብቻ አትመኑ፤ ሽቦውን ተከትላችሁ እዩ።

ቤንዚን ሲቆም ቀላል ክፍሉ ይተንና የሚያጣብቅ ቡናማ ዝቃጭ ይቀራል፤ ሽታው የቀለም እንጂ የቤንዚን አይደለም። ኢታኖል ከተቀላቀለበት ደግሞ ውሃ ይስባል፣ የድሮውን ጎማ ያሟሟል። እንግሊዝ ውስጥ ከመስከረም 2021 ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፤ ለክላሲክ መኪና እስከ 5 በመቶ ብቻ ያለው ሱፐር የሚባለው ይመረጣል። ታንኩ ሙሉ በሙሉ ይራገፋል፣ ከተቻለም ይወርዳል። የኤምጂቢ ታንክ ከላይ ነው የሚበሳው፤ በታንኩ ጀርባና በሻንጣ ክፍሉ ወለል መካከል ጭቃ ስለሚጠራቀም። ከታንክ እስከ ካርቡሬተር ያለ የነዳጅ ጎማ ሁሉ ኢታኖል በሚችል አዲስ ይተካል። እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም፤ የሚያፈተልክ ጎማ ከጋለ ማርሚታ አጠገብ እሳት ነው።

የነዳጅ ፓምፑ ኤሌክትሪክ ሲሆን የሚገኘው ከኋላ በቀኙ ጎማ አካባቢ ነው። ቁልፉ ሲበራ ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥ ነው፦ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ይልና ካርቡሬተሮቹ ሲሞሉ ይዘገያል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ጨርሶ ድምፅ ከሌለው ውስጡ ያሉት ፑንቲናዎች (የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥቦቹ) ዝገው ሊሆን ይችላል። ማቆም ካቃተው ወይ ታንኩ ባዶ ነው፣ ወይ አየር እየሳበ ነው፣ ወይ ቤንዚን የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። መጀመሪያ ካርቡሬተሩን እዩ፤ የተንሳፋፊው መርፌ ተጣብቆ ቤንዚን ወደ ውጭ ሲረጭ ይገኛል።

ኤስዩ ካርቡሬተር ውብ ዕቃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ባለማወቅ ነው። ከላይ ያለችው ጥቁር ቆብ ትፈታለች፣ ቀጭን ዘይት ይጨመራል። ዘይቱ ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ነዳጅ ሲረገጥ የካርቡሬተሩ ፒስተን ዘሎ እንዳይነሳ ይይዘዋል፣ በዚያች ቅጽበት ድብልቁ ይወፍራል። ዘይት ያልተጨመረበት ኤምጂቢ ሲረገጥ ያንቀዋል። የአየር ማጣሪያው ወጥቶ ፒስተኑ በጣት ይነሳና ይለቀቃል፦ ያለምንም መያዝ ወርዶ ብረት ብረትን ሲነካ «ጠቅ» ማለት አለበት። ጠቅታው ካልተሰማ መርፌው ከጀቱ (ቤንዚን ከሚወጣበት ቀዳዳ) መሃል ወጥቷል ወይም ውስጡ ቆሽሿል።

ለመጀመሪያው ጊዜ ጀቱን ከድልድዩ (ፒስተኑ ከሚያርፍበት ወለል) ጋር እኩል አድርጋችሁ የሥሩን ዳዶ ሁለት ሙሉ ዙር ወደታች አውርዱ። ዳዶው ስድስት ፊት ስላለው አሥራ ሁለት ፊት ይሆናል። ሞተሩ ሞቆ ሲሠራ ፒስተኑን ከሥሩ ባለችው ፒን 0.8 ሚሊሜትር ያህል ብቻ አንሱት። ፍጥነቱ ጨምሮ እዚያው ከቆየ ድብልቁ ወፍራም ነው፤ ዳዶው አንድ ፊት ወደላይ ይሄዳል። ሞተሩ ሊጠፋ ከደረሰ ቀጥኗል፤ አንድ ፊት ወደታች። ትንሽ ጨምሮ ወዲያው ወደነበረበት ከተመለሰ ትክክል ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ድብልቁ ይወፍራል፤ በባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ላይ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ጥፋቱ የመኪናው አይደለም።

የእሳቱ ሥራ አጭር ነው። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢዩተር የፑንቲና ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር፣ ካንዴላው 0.64፣ የእሳቱ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2፤ ሮተሩ የሚዞረው በሰዓት ተቃራኒ ነው። ፑንቲናው ላይ ያረፈው የዓመታት ስስ ዝገት እሳት ያጠፋልና ለመቀየር አታመንቱ። የራዲያተሩም ውሃ በሁለቱም አቅጣጫ እስኪጠራ ታጥቦ፣ ግማሽ በግማሽ አንቱፍሪዝ ይሞላል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚሰጠው ፍሬን ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲሱ ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት የጠጣው ግን 155 ላይ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ነው፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ያው እርጥበት የፊት ካሊፐር (የፍሬን ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል) ፒስተኖችን ያዝጋል፣ የኋላ ሲሊንደሮችን ያበሳል። ሦስቱ ተጣጣፊ የፍሬን ጎማዎች ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጣሉ። ያበጠ ጎማ እንደ አንድ አቅጣጫ በር ይሠራል፦ እግር ሲረገጥ ግፊቱ ያልፋል፣ ሲለቀቅ አይመለስም፤ ዲስኩ እንደተያዘ ይቀራል፣ ይግላል። ሰው ግን ካሊፐሩን ሲወቅስ ይኖራል። ሦስቱንም ቀይሯቸው። አየር ማውጣቱ ከማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ከሚገፋው ዋና ፓምፕ) ከሚርቀው ጎማ ይጀምራል። ዘይቱ ቀለም ይልጣል፤ የፈሰሰ ካለ ወዲያው በውሃ ይታጠብ።

ፍሪሲዮኑ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ የብረት ክብ) ጋር በዝገት ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል። ፔዳሉን ረግጦ በእንጨት ደግፎ ማሳደር አንዳንዴ ያላቅቀዋል። ይህ የሚሞከረው በምክንያት ነው፤ በኤምጂቢ ፍሪሲዮን ለመቀየር ሞተሩ መውጣት አለበት።

የጎማው ዕድሜ ጎኑ ላይ ተጽፏል። በመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች 2309 ካለ በ2009 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይጣላል፤ ጎማው ደርቆ ውስጡ ያለው ክር ይላቀቃል።

አሁን ሞተሩ ይነሳል። ውጭ፣ እሳት ማጥፊያ በእጅ ይዞ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል። የመጀመሪያው ጉዞ ከ15 ኪሎሜትር አይበልጥም፣ ፍጥነቱም ዝቅ ያለ ነው። ሲመለስ እጅ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቀረብ ይደረጋል፤ ከሌሎቹ ለይቶ የጋለ ካለ ፍሬኑ አልለቀቀም። የጎማ ዳዶዎች እንደገና ይጠብቃሉ። ከ500 ኪሎሜትር በኋላ ሞተሩ ውስጥ የቀረውን ቆሻሻ አዲሱ ዘይት አጥቦ ይዞታልና ዘይቱ በድጋሚ ይቀየራል። እንግሊዝ ውስጥ ከግንቦት 2018 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ መኪና፣ በመሠረቱ ካልተቀየረ፣ ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ነው። ነፃ መሆኑ ግን ኃላፊነቱን በነጂው ላይ ብቻ ያስቀረዋል፤ ለቆየ መኪና በፈቃድ ማስመርመር ይሻላል።

በዚያች ሌሊት ከመኪናው ሥር ንጹሕ ካርቶን ዘርጉ። ጠዋት ጥቁር ጠብታ ካለ የሞተር ዘይት ነው፤ በዚህ ሞተር ጥቂቱ ያለ ነው። ባለ ቀለም ውሃ ከሆነ የራዲያተሩ ማኒኮቶዎች (የውሃ ጎማዎች) ማሰሪያ ይጥበቅ። ፈዛዛ፣ በጣት ሲነኩት የሚያሟልጭ ከሆነና ያረፈው ከጎማ አጠገብ ወይም ከማስተር ሲሊንደሩ ሥር ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፤ መኪናው ከጋራዥ አይወጣም።