ቴክኒክና ሙያ፤ እጅ የሚፈታበት ቤት

ልጅ ቴክኒክና ሙያ ገባ ሲባል ብዙ ቤት ፊት ይጠቁራል። ውጤት አልመጣለትም ማለት ነዋ! ንቀቱ ከትምህርት ሥርዓቱም በዕድሜ ይበልጣል። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ሲሰደቡ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል።

ዘመናዊው ሥልጠናም አዲስ አይደለም። ተግባረ ዕድ የተባለው የሙያ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ1934 ዓ.ም. ነው። የባሕር ዳሩ ፖሊቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተከተለ። በ1990ዎቹ ኮሌጆቹ በየክልሉ በዙ፤ 10ኛ ክፍል ተፈትኖ መሰናዶ ያልገባው ሁሉ ወደዚያው ተላከ።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የዘርፉ ስትራቴጂ ጥያቄውን ቀየረው። ስንት ዓመት ተማርክ ቀርቶ ምን መሥራት ትችላለህ ሆነ። ሰልጣኙ ሲጨርስ ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘና ይወስዳል። ዓረብ አገር ለቤት ሥራ ለሚሄዱ እህቶቻችንም አዋጅ ቁጥር 923/2008 የብቃት ማረጋገጫ ግዴታ አድርጓል።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው ወርክሾፑ ውስጥ ነው። ብየዳን እንይ። ጀማሪ ሲሞክር ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘው ዘንግ፣ ብረቱ ላይ ይጣበቅበታል። ቢፈጥን ብየዳው ይሳሳል፤ ቢዘገይ ላሜራው ይበሳል። በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል ያለው ትክክለኛ ርቀት በጆሮም ይታወቃል፤ ሽንኩርት የጋለ ዘይት ላይ ሲያርፍ እንደሚሰማው እኩል ይንጨረጨራል። ይህ ከሃንድአውት አይገኝም። ብዙ ኤሌክትሮድ መጨረስ ይጠይቃል። መብየጃው አንድ፣ ተሰላፊው ሠላሳ ሲሆን፣ በዚያ ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ልጁ እጁ ሳይፈታ ሰርተፍኬት ይዞ ይወጣል። የብረታ ብረት ቤቱ ባለቤት አንዴ ሲያሠራው ይለየዋል። የሚከፍለውም የረዳት ደሞዝ ነው። በዚያ ደሞዝ ቤት ኪራይ ተከፍሎ ለእናት የሚተርፍ ነገር የለም።

የትብብር ሥልጠና የታሰበው ለዚህ ነው፤ ሰልጣኙ ጊዜውን በኮሌጅና በድርጅት ተካፍሎ ይማራል። ግን ድርጅቱ ካላመነበት ልጁ ዕቃ ሲያቀብል ይከርማል። የአሰልጣኙም ነገር አለ። በ2003 ዓ.ም. አሰልጣኞችን የሚያፈራ የፌዴራል ተቋም ተከፍቷል፤ ሆኖም ራሱ ሥራ ቦታ ውሎ የማያውቅ አሰልጣኝ ምን ያህል ሊያሳይ ይችላል?

በ2014 ዓ.ም. ዘርፉ ለአዲሱ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተሰጠ። የዚያን ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ብዙዎቹ የእነዚህን ኮሌጆች በር ያንኳኳሉ። እኔ ብጠየቅ ከአዲስ ሕንፃ በፊት ኤሌክትሮድ እገዛለሁ፤ አሰልጣኙንም በየክረምቱ ቱታ አልብሼ ፋብሪካ እልካለሁ።