የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያና በሩ ላይ የቆሙት ፔጆዎች

የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ከዚራ በተባለው የከተማዋ ሠፈር ውስጥ የሚገኝ የቀድሞው የኢትዮጵያ ጅቡቲ ምድር ባቡር ጣቢያ ነው። ከጎኑ የመስመሩ ትልቁ የጥገና ጋራዥ አለ። የሰው ግር ግር ከቀረ ቆይቷል፤ ከፊቱ ያለው ሜዳ ላይ ግን አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎች አሁንም ይቆማሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሐረር ነው። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ሐዲዱ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከዚያ እንጦጦ፣ ከዚያም ከፋና ነጭ ዓባይ ድረስ ሊዘልቅ ታስቦ ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ጅቡቲ ላይ ተጀመረ። ባቡሩን የሐረርን ተራራ ማስወጣት ግን ወጪው የማይቀመስ ስለሆነ መስመሩ በቆላው በኩል ዞረና በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። ጣቢያው የተቆረቆረበት ቦታ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ድሬዳዋ የሚለውን ስም አንዳንዶች ከኦሮምኛ፣ ሌሎች ከሶማልኛ ያመጡታል፤ ክርክሩ አላለቀም። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ባቡሩ መሆኑ ግን አያከራክርም።

ገንዘብ አጠረና ሐዲዱ እዚሁ ለዓመታት ቆመ፤ ሐዲዱን የሚሠራው ኩባንያም ከሠረ። በእነዚያ ዓመታት ከጅቡቲ የመጣው ዕቃ ሁሉ ድሬዳዋ ላይ ከፉርጎ ይወርድና በግመልና በበቅሎ ይጫናል፤ ቡናና ቆዳም በዚያው መንገድ ይመለሳል። የከዚራ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ የዛፎቹ ጥላ፣ የሠራተኞቹ ቤቶች የዚያ የባቡር ዘመን ልጆች ናቸው። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተፈርሞ ሥራው ለፍራንኮ ኢትዮጵያ (የፈረንሳይና ኢትዮጵያ) ኩባንያ ተላለፈ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚረዝመው መስመር 310 ያህሉ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለው ነው። ፈረንሳይኛው ቋንቋችን ውስጥ የቀረውም በዚሁ ሰበብ ነው፤ የአዲስ አበባው «ለገሃር» ራሱ በፈረንሳይኛ ጣቢያ ማለት ከሆነው «ላ ጋር» የመጣ ነው።

በጣሊያን ጊዜ ሊቶሪና የምትባለው፣ የራሷ ሞተር ያላት የመንገደኛ ባቡር መጣች። በ1969ኙ የሶማሊያ ጦርነት መስመሩ ተቆረጠ፤ ኋላ ተጠገነ።

ጣቢያውን ያዳከመው ግን ጦርነት ሳይሆን እርጅና ነው። የአዲስ አበባው ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር የሚሄደው በሌላ ሐዲድ ነው፤ የድሮው ስፋቱ 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ አንዱ በሌላው ላይ አይሄድም። አዲሱ ጣቢያም ከከተማው ውጭ ነው።

ፔጆዎቹ ኑሯቸው ከባቡሩ ጋር ነበር፤ ፉጨቱ ሲሰማ ሞተር አስነስተው መንገደኛ ከነሻንጣው ይቀበሉ ነበር። 404 ፈረንሳይ ውስጥ ከ1960 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የተመረተ፣ መልኩን ጣሊያናዊው ፒኒንፋሪና የነደፈው መኪና ነው። ከኋላ ሾል ባሉት ክንፎቹ፣ ከፊት ፍርግርጉ ላይ ባለው አንበሳ ይታወቃል። ማርሹ ወለል ላይ ሳይሆን መሪው ሥር ነው፤ ስለዚህ ፊት ለፊት ሦስት ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል። ባጃጅ ብዙውን ሥራ ወስዶባቸዋል። ያም ሆኖ አንዱ ሲቆም በሩ፣ መብራቱ፣ ካርቡሬተሩ ተፈቶ ሌላው ላይ ይገጠማል። ለዚህ ነው አንድ ሰማያዊ መኪና ላይ ነጭ በር፣ ወይም ሁለት ዓይነት መብራት የሚታየው።