ከጥርስ የሚገኝ ስቴም ሴልና የመንጋጋ አጥንት ሕክምና፦ አጠቃላይ ዳሰሳ ከጅማ

በድድ በሽታ፣ በአደጋ፣ በእጢ ወይም ከጥርስ መነቀል በኋላ የሳሳ የመንጋጋ አጥንት ከጥርስ በተወሰዱ ስቴም ሴሎች (ግንደ ህዋሳት፣ ማለትም መባዛትና ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ መለወጥ በሚችሉ ህዋሳት) መልሶ እንዲያድግ የሚሞክር የሕክምና ዘርፍ አለ። በአብዛኛው ዓለም ገና በምርምር ደረጃ ላይ ይገኛል። በአማርኛ ስለ ጉዳዩ የተጻፈ ጥቂት በመሆኑ፣ ይህ ዳሰሳ በተለይ በጅማ ላሉ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችና ታካሚዎች ተዘጋጅቷል።

አጥንቱ ለምን ይሳሳል

ጥርስን አጥብቆ የሚይዘው ከድዱ ሥር ያለው አጥንት ነው። በጥርስና በድድ መካከል የሚከማች ቆሻሻ ሳይጸዳ ሲቀር ይደነድናል፣ ባክቴሪያው ድዱን ያስቆጣዋል። ሰውነት ራሱን ለመከላከል በሚያደርገው ትግል አጥንት የሚያሟሙ ህዋሳት ከሚገነቡት ይበልጥ ይሠራሉ። ብዙ ጊዜ ሕመም ስለማይኖረው ታካሚው የሚመጣው ጥርሱ መነቃነቅ ሲጀምር ነው። ማጨስና ቁጥጥር ያልተደረገበት ስኳር በሽታ ያባብሱታል። በጅማ ጫት መቃም የተለመደ ስለሆነ ከድድ መሸሽ ጋር ያለው ግንኙነት ይነሳል፤ ሆኖም ቃሚው አብሮ ስለሚያጨስና ጣፋጭ መጠጥ ስለሚወስድ የጫቱን ድርሻ ብቻውን ለይቶ መናገር ያስቸግራል። በሐኪም የሚደረግ የጥርስ እጥበት በሽታውን ያቆመዋል፣ የጠፋውን አጥንት ግን አይመልሰውም።

ህዋሶቹ እንዴት ተገኙ

እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚሠሩ ስታን ግሮንቶስ፣ ሶንግታኦ ሺ እና ባልደረቦቻቸው፣ በተለምዶ የጥርስ ነርቭ ከምንለው ለስላሳ ክፍል ስቴም ሴል ማግኘታቸውን አሳተሙ። በ2003 ደግሞ የሺ ቡድን በተፈጥሮ ከወለቁ የወተት ጥርሶች ተመሳሳይ ህዋሳት አገኘ፤ መነሻው ሺ የሴት ልጁን የወለቀ ጥርስ መመልከቱ ነበር። ከአንድ የወለቀ የፊት ጥርስ የተገኙት በላቦራቶሪ የህዋስ ማሳደጊያ ሳህን ላይ ተጣብቀው የመባዛት አቅም ያላቸው ህዋሳት ከ12 እስከ 20 ብቻ ነበሩ። እጅግ የሚያስደንቀው ግኝት የመጣው በአይጦች ላይ በተደረገው ሙከራ ነው። የወተት ጥርሱ ህዋሳት ራሳቸው ወደ አጥንት ገንቢነት አልተለወጡም፤ የአይጧን የራሷን ህዋሳት ጠርተው አጥንት እንዲሠሩ አደረጉ። ጥርስንና መንጋጋን የሚያገናኘው የጋራ ምንጭ ነው፦ በጽንስ ውስጥ ሁለቱም በአብዛኛው ከነርቭ ሥርዓት ጠርዝ ከተነሱ ተመሳሳይ ህዋሳት ያድጋሉ። በ2004 ጥርስን ከአጥንት ከሚያያይዘው ጅማት፣ በ2006 ገና ካላለቀ የሥር ጫፍም ስቴም ሴል ተገኝቷል።

በሰው ላይ የተደረገው ሥራ

ብዙ የሚጠቀሰው የጣሊያኗ የኔፕልስ ከተማ ጥናት ነው (እ.ኤ.አ. 2009)። ሐኪሞቹ በታካሚው የላይኛው መንጋጋ መጨረሻ ላይ ካለው ጥርስ ህዋሳት ወስደው በኮላጅን (የሰውነት ማያያዣ ፕሮቲን) ስፖንጅ ላይ በማኖር፣ የታችኛው የመጨረሻ ጥርስ በተነቀለበት ጉድጓድ ሞሉት፤ ለማነጻጸሪያ በሌላው ጎን ስፖንጁን ብቻ አስቀመጡ። በሦስት ወር ህዋስ ያለበት ጎን የተሻለ አጥንት አበቀለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመረመር ግን በቦታው የበቀለው እንደ ወትሮው ስፖንጅ መሰል ሳይሆን ጠጣር አጥንት ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህ እንዲያውም ለታካሚው ጠቃሚ ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። በእኔ አስተያየት የቦታውን ተፈጥሮ ያልመለሰ ሕክምና ሙሉ ስኬት አይባልም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የቻይና ጥናት ደግሞ በድድ በሽታ የተጎዱ 30 ታካሚዎችን ህዋስ በሚሰጣቸውና በማይሰጣቸው ከፍሎ አነጻጽሯል። ሕክምናው ደህንነቱ የተጠበቀ ነበር፣ አጥንትም ጨመረ፤ ነገር ግን ህዋስ ባገኙትና ባላገኙት መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ጅማ

የጅማ ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ጊዜ በ1930 ዓ.ም. ለወታደሮች አገልግሎት የተቋቋመ ሲሆን፣ ዛሬ ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝብ ዋነኛ የሪፈራል ማዕከል ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጁና ከጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ውህደት ተወለደ። ተማሪን ወደ መንደር የሚያወጣው ማህበረሰብ ተኮር ትምህርት የጅማ ትልቁ ሀብት ነው። የድድ በሽታን ቀድሞ መያዝ የሚቻለውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ድዱ ጤናማ ካልሆነ አጥንት አይበቅልምና።

በህዋስ ለማከም ንጹህ ላቦራቶሪ፣ የማያቋርጥ መብራት፣ ህዋሳትን የሚያቆይ ፈሳሽ ናይትሮጅንና የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህ እስኪሟላ ድረስ ለአጥንት ጉድለት የታወቁት መንገዶች ከታካሚው ዳሌ ወይም መንጋጋ አጥንት ወስዶ መትከልና ሰው ሠራሽ የአጥንት መሙያ ናቸው።

ወላጆች አንድ ነገር በግልጽ ሊያውቁ ይገባል። የወተት ጥርስ ስቴም ሴል አለው ማለት ከልጅ አፍ ይነቀል ማለት አይደለም። ጥናቶቹ የተጠቀሙት በራሱ ጊዜ የወለቀውን ነው። ተቅማጥ ይዞታል እየተባለ የሕፃናትን ድድ ቀዶ ግግ ማውጣት ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን ያመጣል፤ ሥር ያለውንም ቋሚ ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል።